ስለ ቢሮ ስታወጡ የድሮውን ፕላንም አሳዩን

ለአዘጋጁ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን

የድሮ ሕንፃዎችን ወደ ዘመናዊ የካምፓኒ ቢሮ ስለመቀየር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ አልዋሽም፣ ግን ከላይ እስከ ታች ወሬው ስለ መስታወት ፓርቲሽን፣ ስለ ሶፋ፣ ስለ መብራትና ስለ ቀለም ብቻ ነው። እኔ አርክቴክት ነኝ፣ ከስራዬ ግማሹ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሜትር ይዞ አቧራ እየቃሙ መዞር ነው፣ እና ያ ክፍል ጭራሽ ሳይነሳ ሲቀር ዝም ማለት አቃተኝ።

አሮጌ ሕንፃ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ከወለል እስከ ወለል ያለውን ከፍታ ነው። ሦስት ሜትር ከሆነ ጉድ ፈላ። ስላቡ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) እና ቢሙ (ስላቡን የተሸከመው አግዳሚ) ድርሻቸውን ወስደው በተረፈው ላይ የኤሲ ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ)፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ፣ ከዛ ደግሞ ኮርኒስ ስትጨምሩበት ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ የሚነካው ክፍል ይቀራችኋል። ስለዚህ ምን እናደርጋለን፣ ዳክቱን ኮሪደር ላይ ሰብስበን ኮርኒሱን እዛ ብቻ ዝቅ እናደርግና ሰው የሚቀመጥበት ጋ ስላቡን ክፍቱን እንተወዋለን። ቧንቧና ገመድ የሚታይበት ቢሮ ስታዩ ፋሽን ይመስላችኋል አይደል? ብዙ ጊዜ ከፍታ ጠፍቶ ነው (ፋሽን የሆነው በኋላ ነው፣ አሁንማ ከፍታ ያለውም ሰው ኮርኒሱን ያስነቅላል)።

ቀጥሎ ብርሃን። እኛ ጋ በልምድ የሚታወቅ ሂሳብ አለ፣ የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባው ከወለል እስከ መስኮቱ አናት ያለውን ከፍታ ሁለት ወይ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ድሮ መጋዘን ወይ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ደግሞ ሰፊ ነው፣ መሀሉ ይጨልማል። ወይ መሀሉ ላይ ሽንት ቤት፣ ፋይል ክፍል፣ ስብሰባ አዳራሽ ታደርጋለህ፣ ወይ ደግሞ ስላቡን ቆርጠህ ከላይ ብርሃን ታስገባለህ። ስላቡ ይቆረጥ ስትል ባለቤቱ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ካሬው ቀነሰብኝ ነዋ! እኔ በበኩሌ ይሄን ክርክር ሁሌ እከራከራለሁ፣ ብዙ ጊዜም እሸነፋለሁ።

ስለ ጭነት ብዙ አልልም፣ እሱ የስትራክቸራል ኢንጂነሩ ጉዳይ ነው። ግን መኖሪያ ቤት ሆኖ የተሰራ ወለል ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር እስከ 200 ኪሎ ገደማ ታስቦለት ነው የሚሰራው፣ ቢሮ ከ200 እስከ 300፣ የፋይል መደርደሪያ የሚታጨቅበት ክፍል ግን ከዛ በጣም የበለጠ ይፈልጋል። ስለዚህ "ድሮ ቤት ነበር አሁን ቢሮ ነው" ብሎ መዛግብቱን ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መቆለል አያዋጣም። የድሮ ድሮዊንግ ተገኘ ብላችሁም አትመኑት፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ (ብረቱ) የት እንዳለ በመሳሪያ መፈለግ፣ ከኮለኑ (ከምሰሶው) ላይ ናሙና ቆርጦ ላብራቶሪ መላክ ግድ ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ፣ ልናገረው። የጡብ ግድግዳ ያለው አሮጌ መጋዘን ነበር፣ ደንበኛው "ዘመናዊ ይምሰል" አለ፣ እኔም ወጣት ነበርኩና እሺ ብዬ ግድግዳውን በሲሚንቶ ልስንና በጂፕሰም ሸፈንኩት፣ ወለሉን ሴራሚክ አደረግኩት፣ ክፍሉን አንድ ወጥ ክፍት አዳራሽ። ሲመረቅ ሁሉም አጨበጨበ። ዝናብ ሲመጣ ጡቡ ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ጂፕሰሙን ከስር አሻገተው። ድምፁ ደግሞ አይጣል ነው፣ ሰው ስልክ ለማውራት ደረጃ ላይ ይወጣ ነበር። በራሳቸው ወጪ አስነቀሉት፣ ጡቡ ተከፈተ፣ ምንጣፍና ድምፅ የሚመጥ ፓነል ገባ። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስጎበኙት ያንኑ የሸፈንኩትን ጡብ ነው አሉ።

ትልልቆቹን ካነሳን ሲድኒ ያለው ኩዌይ ኳርተር ታወር የሚባለው ፎቅ ለኔ ትልቅ ትምህርት ነው። በፈረንጆች 1976 የተሰራ የቢሮ ፎቅ ነበር፣ ባለቤቶቹ አፍርሰው እንደ አዲስ ከመስራት ይልቅ ሥሪ ኤክስ ኤን (3XN) የተባለው የዴንማርክ የአርክቴክቶች ድርጅት ከድሮው ኮለን፣ ቢምና ስላብ 65 በመቶውን፣ ሊፍትና ደረጃ ያለበትን መሀለኛውን ኮር ደግሞ 95 በመቶውን አስቀርቶ በጎኑ አዲስ ወለል ቀጠለበት፣ በፈረንጆች 2022 የዓመቱ የዓለም ሕንፃ ተብሎ ተሸልሟል። መቀጠሉ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ አዲስ ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል የድሮው ግን ተኮማትሮ ጨርሷል፣ ሁለቱን ስታጋጥም ያንን ልዩነት ካላሰብክበት መጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ቤልጂየም ያለውን የአንትወርፕ ወደብ ቢሮ ደግሞ ሁሉም ያደንቀዋል፣ በአርክቴክት ዛሃ ሀዲድ ዲዛይን በፈረንጆች 2016 ላይ የተጠናቀቀው፣ ድሮ የእሳት አደጋ ጣቢያ የነበረ ሕንፃ አናት ላይ መርከብ የሚመስል የመስታወት ሕንፃ የሰቀሉበት። እኔ ያምረኛል ግን ለደንበኞቼ አላሳይም፣ ምክንያቱም አንዴ ካዩት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃቸው ላይም መርከብ ይፈልጋሉ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቢሮ ስታወጡ ከፎቶዎቹ አጠገብ የድሮውንና የአዲሱን ፕላን ጎን ለጎን አትሙልን፣ ሕንፃው በቁም ተቆርጦ የሚታይበትን ሴክሽንም ጨምሩበት፣ ከፍታው ከተጻፈበት ጋር። ፕላኑ አርክቴክቱ ጋ ቢጠፋ እንኳ ድርጅቱ ጥገና ክፍል ውስጥ አይጠፋም።

አክባሪያችሁ፣ አንድ አርክቴክት አንባቢያችሁ