የገዛሁትን ኮምፒውተር በየወሩ አልከራይም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም) በየወሩ ይከፈልበት፣ አንዴ ይገዛ ወይስ በነፃ ይሰጥ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ዝም ማለት ያቅተኛል። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። አንዴ መክፈል፣ እሺ። በነፃም፣ ደስ ይለኛል። በየወሩ ግን በፍጹም!

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለሥራዬ በወር የሚከፈልበት አንድ የዲዛይን ሶፍትዌር እጠቀም ነበር። አንድ ማታ፣ በማግስቱ ጠዋት የማስረክበውን ሥራ ልጨርስ ስከፍተው፣ ለካ የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎ ክፍያው አልተቆረጠም። ሶፍትዌሩ ተቆለፈ። ፋይሎቼ እዚያው ናቸው፤ ስማቸው ይታያል፣ መጠናቸው ይታያል፣ የሦስት ዓመት ልፋቴ ፎልደር ውስጥ ተደርድሯል፤ ልከፍታቸው ስል ግን "ክፍያዎን ያድሱ" የሚል ሳጥን ብቻ ነው ብቅ የሚለው። እንቅልፍ አጥቼ ሳስብ አደርኩ። ይሄ አንድ ፕሮግራም ነው፣ ቢብስ ሌላ እፈልጋለሁ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ እንዲህ ቢቆለፍስ? ፎቶውም፣ ደብዳቤውም፣ ሒሳቡም፣ ካርዱን ለማደስ የምገባበት ብሮውዘር ሳይቀር አብሮ ይቆለፋል።

ታዲያ የሚሠሩት ሰዎች ምን ይብሉ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም በላቤ የማድር ሰው ነኝ። በነፃ የሚባለውም ቢሆን የሆነ ሰው ከፍሎበታል። አፕል በ2009 ስኖው ሌፐርድ የሚባለውን የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ29 ዶላር ሸጧል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2013ቱ ማቬሪክስ ጀምሮ ግን ለማክ ባለቤቶች በነፃ ነው፤ ገንዘቡን ከማሽኑ ሽያጭ ያገኘዋላ። ሊነክስ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዛሬ ዋናውን ኮድ ከሚጽፉት አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፣ ኩባንያዎቹም የሚከፍሏቸው የራሳቸው ሰርቨር የሚሠራው በዚሁ ስለሆነና ለየብቻ ከመድከም በጋራ መሥራቱ ስለሚያዋጣቸው ነው። አይቢኤም በ2019 በሊነክስ የሚነግደውን ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ለጽድቅ አልነበረም። እግረ መንገዴን፣ "ነፃ" እና "በነፃ" አንድ አይደሉም። በነፃ የተሰጠኝን ነገ ሊነሱኝ ይችላሉ። ነፃ የሆነውን ግን ኮዱን አይቼ፣ ቀይሬ፣ ለሌላም አካፍዬ እጠቀምበታለሁ፤ ማንም ከርቀት ሊቆልፍብኝ አይችልም።

የወርሃዊ ክፍያ ደጋፊዎች "ገንዘብ ሳይቋረጥ ካልገባ የደኅንነት ጥገናም ይቋረጣል" ይላሉ። ዊንዶውስ 10ን እንይ። በጁላይ 2015 ወጣ፣ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት የዊንዶውስ 7 እና 8.1 ተጠቃሚዎች በነፃ እንዲያሻሽሉ ተፈቀደ፣ ከዚያ እስከ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወርሃዊ ክፍያ ሳይጠየቅበት ጥገና ሲያገኝ ቆየ። አሥር ዓመት! ይቻላል ማለት ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በደንብ የሚሠራ፣ ግን ይሄ ቺፕ የሌለው ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ጥገና ለግለሰቦች የቀረበው ምርጫ ደግሞ 30 ዶላር መክፈል ወይም ሴቲንግን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ ማድረግን የመሰለ ነበር። በብር ካልሆነ በመረጃ ክፈሉ እንደማለት ነው።

የደኅንነት ጥገና እኮ ቅንጦት አይደለም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ሲለቀቅ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፣ ያልጫኑት ግን ተመቱ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። ካልተጠገነ አንድ ኮምፒውተር ተነስቶ አጠገቡ ወዳለው ይዛመት ነበር። ያኔ ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2014 ላቆመለት ለአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ጥገናውን ለሁሉም በነፃ ለቀቀ። ጥሩ አደረገ። ሲጨንቅ የተደረገው ግን ሳይጨንቅም መደረግ ነበረበት። ጎረቤቴ መክፈል ስላልቻለ ኮምፒውተሩ ክፍት ቢቀር፣ መዘዙ እኔም ጋ ይመጣል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። ዋጋ ካለው አንዴ ይነገረኝና ልክፈል። አዲስ ነገር ሲጨመር ለሱ ሌላ ዋጋ ቢጠየቅ ቅር አይለኝም፣ ከፈለግኩ እገዛለሁ። የደኅንነት ጥገናው ግን በዋጋው ውስጥ ይካተት፣ እስከ መቼ እንደሚቆይም መድኃኒት ላይ የማብቂያ ቀን እንደሚጻፈው ሁሉ ኮምፒውተሩ ካርቶን ላይ በጉልህ ይጻፍ። ቀኑን አይቼ ልግዛ ወይም ልተው።

የዘወትር አንባቢያችሁ