ፕላኑን ስትልኩ የመስመሩን ውፍረት አታስቀሩት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሕንፃ ጥራት በጋዜጣችሁ ሲጻፍ የሲሚንቶው ዋጋ፣ የፌሮው ጥራት፣ የአሸዋው መቆሸሽና የተቆጣጣሪው ዝምታ ይነሣል። ይነሣ፣ ተገቢ ነው። እኔ የምጽፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ሳይት ስለሚደርሰው ነገር ነው፤ ፎርማኑ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ስለሚከተው ወረቀት።

መተዳደሪያዬ የሕንፃ ፕላን ማተም ነው። በወጣትነቴ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በራፒዶግራፍ ብዕር የምሥል፣ የተሳሳተውን በምላጭ የምፍቅ ድራፍትስማን ነበርኩ። ዛሬ አንድ ፕሎተር፣ ማለትም ትልልቅ ንድፍ የሚያትም ማሽን፣ ይዤ የሌሎችን ሥራ አትማለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው የየቢሮውን ገመና ያያል፤ ስም አልጠራም እንጂ።

ያኔ የመስመር ውፍረት በእጃችን ነበር። ባለ ቀይ ቀለበቱ ብዕር 0.18 ሚሊ ሜትር፣ ነጩ 0.25፣ ቢጫው 0.35፣ ቡናማው 0.5፣ ሰማያዊው 0.7 ነው። የተቆረጠው ግድግዳ በወፍራሙ፣ የልኬት መስመሩ በቀጭኑ ይሠመራል። ግንበኛው ማንበብ ባይችል እንኳ የቱ ግድግዳ፣ የቱ ልኬት እንደሆነ በውፍረቱ ይለየዋል። ውፍረት ለጌጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም።

አውቶካድ የሚባለው የንድፍ ኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲመጣ የዘመኑ ፕሎተሮች እውነተኛ ብዕር እየነሡ የሚሥሉ ነበሩ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ አንድን መስመር ቀይ ማድረግ «በአንደኛው ብዕር ሣልልኝ» ማለት ነበር። ብዕሮቹ ከጠፉ ዘመን አልፏል፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አውቶካድ 2000 ደግሞ ይህንኑ ልማድ በሠንጠረዥ አስቀመጠው። ለ255ቱ የአውቶካድ ቀለማት እያንዳንዳቸው በወረቀት ላይ በምን ቀለም፣ በምን ውፍረት፣ ምን ያህል ደምቀው እንደሚወጡ የሚወስን ፋይል ነው፤ ባለሙያው «ሲቲቢ» ይለዋል። ከቀለም ይልቅ በስም የሚሠራ ኤስቲቢ የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ፤ እኔ ጋ ብዙም አይመጣም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲቲቢው ፕላኑ ውስጥ አይቀመጥም። ፕላኑ የሚይዘው የሲቲቢውን ስም ብቻ ሲሆን ፋይሉ ራሱ የሚኖረው በሠሪው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ለብቻው በተለየ ፎልደር ነው። መሐንዲሱ ፕላኑን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እከፍተዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ «ሲቲቢው ጠፍቷል» ይለኛል። ባለበት ካተምኩት እያንዳንዱ መስመር ማያ ገጹ ላይ በያዘው ቀለም ይወጣል፤ በጥቁርና ነጭ ፕሎተር ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ወደ ነጠብጣብ ግራጫ ይቀየራል። ስደውልለት፣

«ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ በደንብ ይወጣል» ይለኛል።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ፤ ሕንፃው ግን አንተ ጋ አይደለም የሚሠራው» እለዋለሁ።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የዓምድ ዝርዝር ነበር። ስታፋው፣ ማለትም ዓምዱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሆኖ፣ በዓምዱ መሐል በየ200 ሚሊ ሜትር፣ ከሶሌታና ከቢም ጋር በሚገናኝባቸው ጫፎች ላይ ደግሞ በየ100 ሚሊ ሜትር ይታሰራል ይላል። የ200ው ጽሑፍ ነጭ ሆኖ በተቀመጠ ሌየር (የንድፍ ንብርብር) ላይ ስለነበር፣ ነጩን ደግሞ አውቶካድ ሲያትም ስለሚያጠቁረው፣ በወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የ100ው ማሻሻያ በኋላ የተጨመረ ነበርና በሌላ ሌየር፣ በቢጫ ተጽፏል። በጥቁሩ ማያ ገጽ ላይ ከሁሉ ደምቆ የሚታየው ቢጫ ነው፤ በነጭ ወረቀት ላይ ግን የለም ቢባል ይቀላል። ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጌ አዘንብዬ ካየሁት የቁጥሩ ጥላ ይታያል። ይህ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጥላውም አይተርፍም። ፌራዮው ምን ያድርግ? የሚያየው 200 ነው፣ ከላይ እስከ ታች በ200 ያስራል። የዓምድ ጫፍ ላይ ስታፋ የሚጠጋጋው ደግሞ ምድር ስትናወጥ መጀመሪያ የሚፈተነው እሱ ስለሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ስንቱን ሌሊት ከአልጋው እንዳስወረደው አንባቢ አይዘነጋውም።

እኔ ዓይኔ ስለለመደ ከፕሎተሩ ሲወጣ አየሁት። ማተሚያ ቤት ግን የሚከፈለው በሉህ ቁጥር እንጂ ንድፍ እንዲመረምር አይደለም።

ብዙ ማተሚያ ቤት ለዚህ በሽታ አንድ መድኃኒት አለው፤ «ሞኖክሮም» የሚባለውን ከአውቶካድ ጋር የሚመጣውን ሲቲቢ መምረጥ። አዎን፣ ያን ጊዜ ቢጫውም ጥቁር ይሆናል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን ሞኖክሮም ቀለሙን ያጠቁረዋል እንጂ ውፍረቱን አያውቅም፤ መስመሩ በራሱ ላይ የተሰጠውን ውፍረት ብቻ ይከተላል። ሠሪው ውፍረቱን በሙሉ ለራሱ ሲቲቢ ትቶት ከነበረ ሁሉም መስመር በአንድ 0.25 ይወጣል። ግድግዳው፣ የንጣፉ ሰረዝ፣ የልኬት መስመሩ፣ የወንበሩ ሥዕል ሁሉም እኩል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ በር የት እንደሆነ የሚፈልግ አናጢ አይቻለሁ። ደግሞ ከ255ቱ ውጪ የሆነ፣ «ትሩ ከለር» የሚሉት ቀለም የተሰጠው መስመር ካለ ሲቲቢው ጭራሹን አይነካውም፤ ሞኖክሮም ብለው ሲያትሙ መሐል ላይ ብርቱካናማ መስመር የሚመጣባቸው ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላው የወረቀት መጠን ነው። በ594 በ841 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በኤ1 የታሰበ ፕላን ለመያዝ እንዲመች ተብሎ በኤ3 ይታተማል። ልኩ፣ ማለትም ስኬሉ፣ በግማሽ ይወርዳል፤ 1 ለ 50 የተባለው 1 ለ 100 ይሆናል። ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም 1 ለ 50 ይላል። 0.13 የነበረው መስመርም ግማሹ ይቀረዋል፤ ከሁለተኛው ፎቶ ኮፒ በኋላ ፈልጋችሁ አታገኙትም። «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ የሚያትም ሰው ደግሞ ልኩን ከነጭራሹ ማንም የማያውቀው ቁጥር ያደርገዋል። በስኬል መለኪያ ከወረቀት ላይ የሚለካ ፎርማን ስንት እንዳለ ቢሮ የተቀመጠ ሰው አይገምትም።

አንድ ቢሮ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተመውን ፕላን እንደገና አትምልኝ ብሎ መጣ። ሲቲቢው የነበረው የቢሮው ድራፍትስማን የግል ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ልጁ ዱባይ ገብቷል። የአንድ ድርጅት የሥራ ሥርዓት በአንድ ልጅ ሻንጣ ከአገር ይወጣል? ጥቂት ኪሎባይት የማይሞላ ቦታ የሚይዝ ፋይል ነው እኮ!

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፣ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አውቶካድ «ኢ ትራንስሚት» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ፕላኑን፣ ከሱ ጋር የተያያዙትን ሌሎች ንድፎችና ሲቲቢውን በአንድ ዚፕ ያሽጋቸዋል። ይህ የከበደው ቢሮ ራሱ በትክክለኛው ወረቀትና ልክ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ይላክ፤ ያን ጊዜ ውፍረቱ አብሮ ይሄዳል፣ እኔም የምነካው ነገር አይኖርም። ሲቲቢው ደግሞ በቢሮው የጋራ ፎልደር፣ በቢሮው ስም ይቀመጥ። «አዲስ2» እና «የመጨረሻ ትክክለኛው» የሚባሉ ሲቲቢዎች ተልከውልኛል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ላኪዎቹም አያውቁም።

አሜሪካኖች በብሔራዊ የካድ (በኮምፒውተር የመንደፍ) ስታንዳርዳቸው ውስጥ ስለ ፕሎት፣ ማለትም ንድፍ ስለማተም፣ ራሱን የቻለ መመሪያ አላቸው። የእኛም የሙያ ማኅበራት አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ቢያወጡና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ጽሕፈት ቤቶች በዚያ ያልታተመ ስትራክቸራል (የዓምድ፣ የቢምና የፌሮ) ፕላን አንቀበልም ቢሉ፣ የብዙ ፎርማኖች ግምት ይቀር ነበር። ኮሌጆቹም ያስቡበት። እኔ ጋ የሚመጡት ተመራቂዎች ባለ ሦስት አውታር ሞዴል እንደ ልባቸው ያሽከረክራሉ፤ ወረቀቱ፣ ልኩና ሲቲቢው የሚመረጥበትን «ፔጅ ሴታፕ» የሚለውን ስከፍት ግን ፊታቸው ይለወጣል።

እስከዚያው ግን እኔ በበኩሌ ሲቲቢ ወይም ፒዲኤፍ ያልመጣለትን ስትራክቸራል ፕላን ማተም አቁሜያለሁ። በሬ ላይም ጽፌ ለጥፌዋለሁ። አንዳንድ ደንበኞቼ ተቆጥተው ወደ ጎረቤት ማተሚያ ቤት ሄደዋል፤ እዚያ በሞኖክሮም ይታተምላቸዋል።

ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል
አዲስ አበባ