አባዬ፣ የወተቱ ነገር ይቆየን

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት ሊያልፈኝ ምንም አልቀረውም። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። «አባባ ሲደውል ቪዲዮውን አጥፊልኝ» ትለኛለች። ትምህርት ቤት ስዕል ተወዳድራ ሁለተኛ ወጥታለች። የሳለችው አንተን ነው። ጢምህን አረንጓዴ ቀብታዋለች።

ስለ እነሱ ባወራ ገጹ ይሞላልኝ ነበር። የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

እማዬ ደውላልኝ ነበር። እባክህ እንዳትቆጣት። ወተት እርግፍ አድርገህ መተውህን ነገረችኝ። እርጎውንም አይቡንም ጭምር። «የፕሮስቴት ካንሰር ያመጣል ተብሏል» ብለሃታል አሉ፤ ከሽንት ፊኛ ሥር ያለችውን የወንዶች እጢ ማለትህ ነው። ሌሊት አራት አምስቴ እንደምትነሳ ነገረችኝ። ሽንት ቤት ገብተህ ቶሎ እንደማትወጣም። ቀበቶህ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ እንደበሳህም። ይቺን የመጨረሻዋን ስትነግረኝ ድምጿ ተቆረጠ።

ሴት ልጅ ለአባቷ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ይከብዳታል። አንተም ማንበቡ ሊከብድህ ይችላል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

አንተ እኮ ወተት ነፍስህ ነው። ማታ ማታ ትኩስ ወተትህን ይዘህ ስትቀመጥ፣ ላዩ ላይ የረጋውን ስልባቦት በማንኪያ ገፈህ መጀመሪያ የምታጎርሰው እኔን ነበር። እንዲህ የምትወደውን ነገር በአንድ ጊዜ የተውከው ብትፈራ ነው። የፈራኸውን ደግሞ ለማንም አልተናገርክም።

የሰማኸው ወሬ መሠረት አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። ከ28 ሺህ በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሏል። በቀን 430 ግራም ገደማ ወተትና የወተት ውጤት የሚወስዱት፣ 20 ግራም ብቻ ከሚወስዱት ይልቅ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ27 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን ከ100 ወንድ 27ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። ከ100ው 10 ሰው የሚታመም ቢሆን፣ ቁጥሩ ወደ 13 ይጠጋል እንደማለት ነው።

ምክንያቱ ገና አልለየም። ወተት አይጂኤፍ-1 የሚባለውን፣ ሰውነት እንዲያድግ የሚያግዝ ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፣ እሱም ሴሎች እንዲባዙ ይገፋፋል የሚሉ አሉ። ካልሲየሙን የጠረጠሩም አሉ። ያው ጥናት ግን ከሌላ ምግብ በሚገኝ ካልሲየም ላይ ይህን ግንኙነት አላየም። ደግሞም እንዲህ ያለ ጥናት ሰዎችን በኑሯቸው መከታተል ነው። ወተት የሚያዘወትር ሰው በሌላም ነገር ይለይ ይሆናል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ማስረጃውን «ውስን» ነው ያለው። እዚያው ሪፖርት ላይ ወተት የትልቁን አንጀት ካንሰር ሳይቀንስ እንደማይቀር ተጽፏል።

ስለዚህ ወተት እቀንሳለሁ ብትል አልከራከርህም። ግን ወተት መተው ሌሊት የሚቀሰቅስህ ነገር ምን እንደሆነ አይነግርህም። ወተቱን የተውከው ሐኪም ቤት ላለመሄድ መሰለኝ።

ከወተት ይልቅ ዕድሉን የሚጨምረው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው፣ የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እጥፍ፣ አባዬ።

ጋሼ። ወንድምህ።

«ጨጓራውን አሞት ነው» አልከኝ ያኔ። ፈተና ላይ ነበርኩ። «ፈተናሽን ጨርሺና ትጠይቂዋለሽ» አልከኝ። ስጨርስ ጋሼ አልነበረም። የበሽታውን ስም የሰማሁት ከቀብር መልስ፣ ከማላውቃት ሴትዮ አፍ ነው። ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው ይገባኛል። ግን ሳልሰናበተው ቀረሁ። እሱስ ምን ብሎ ይሆን? «ያቺ ልጅ እንዴት ቀረች» ብሎ ይሆን? ይህን ስንት ጊዜ አስቤ አፌ ላይ ደርሶ እንደተመለሰ። አሁን መልስ እንድትሰጠኝ አልፈልግም። በአንተ እንዳይደገም ነው የምፈልገው።

ሐኪም «ከቤተሰብ በዚህ የታመመ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው። ጋሼ ሲታወቅለት ስንት ዓመቱ ነበር? ወንድሜም ማወቅ አለበት፤ አርባን አልፏል።

ሌሊት መነሳት ካንሰር ነው አላልኩህም። በአንተ ዕድሜ ፕሮስቴት ያለ ካንሰርም ይተልቃል፣ ሽንትም ያስቸግራል፤ ለሱ መድኃኒት አለው። የስኳር በሽታም ሌሊት ያስነሳል፣ ያከሳልም። ፒኤስኤ የሚባል የፕሮስቴት የደም ምርመራ አለ። ውጤቱ ከፍ ቢል እንኳ ካንሰር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የፕሮስቴት መተለቅም ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል። ሐኪሙ በጣቱ ሊመረምርህም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። እንደምታፍር አውቃለሁ። ካንሰር ሆኖ ቢገኝም ብዙው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ አንዳንዱ ሰው ያለ ሕክምና በክትትል ብቻ ለዓመታት ይኖራል። ምንም ምልክት የሌለው ሰው ይመርመር አይመርመር ብለው ሐኪሞች ይከራከራሉ። አንተ ግን ምልክት አለብህ።

እስከዚያው ከስተሃልና አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣ። ብቻ ወደ ጠዋት አዙረው። ከመኝታ በፊት ፈሳሽ መቀነስ ለሌሊቱ ይረዳሃል። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለህ ወይም ደም ካየህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ሂድ።

ወንድሜ ይወስድሃል፤ ተነጋግረናል። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፍና ያዝ። የጋሼንም ነገር እዚያው ላይ ጻፈው። ሐኪሙ ያለህን ደግሞ አንተው ራስህ ደውለህ ንገረኝ። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በዚያው ቀን። አሁን ፈተና የለብኝም።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ