መምህራን አብረው የሚያቅዱበት ሰዓት ይሰጣቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባሕር ዳር ውስጥ መምህር ነኝ። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ተሙማ የምንለው፣ መምህራን ሥራ ላይ ሆነን ሙያችንን የምናሳድግበት አሠራር፣ በፋይል ሞልቷል። ዕቅዱም ፊርማውም አለ። አብሮ መሥራቱ ግን የለም።

ባለፈው ሴሚስተር የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች የፈተና ወረቀቶችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየን። ልጆቹ ክፍልፋይ ሲደምሩ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ይደምራሉ። በሁላችንም ክፍል ያው ስህተት! አንዷ ባልደረባችን እንጀራ ቆርሳ እንደምታስረዳ ነገረችን። በማግስቱ ክፍሏ ገብተን አየናት። ከስንት ስብሰባ ይሻላል።

ርዕሰ መምህራን ፕሮግራም ሲያወጡ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጡ መምህራንን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ክፍት ያድርጓቸው። በፈረቃም ቢሆን ይቻላል። የእርስ በርስ የክፍል ጉብኝቱም ለመምህሩ የሥራ ምዘና ውጤት መሙያ አይሁን። ነጥብ የሚያዝበት ከሆነ ማን ድክመቱን ያሳያል?

መምህሩ፣ ከባሕር ዳር