ስኳር ድንች ከመትከልሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? መልእክትሽ ደርሶኛል። ስኳር ድንች ልተክል ነው ማለትሽ በጣም ነው ያስደሰተኝ። «በሄክታር ስንት ኩንታል ይወጣል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እንድታስቀድሚ እፈልጋለሁ። ከሚወጣው ውስጥ ስንቱ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል? ብዙ ምርት አፍሶ የከሰረ ገበሬ ሞልቷል። ትርፉ የሚወሰነው ከመትከልሽ በፊትና ከቆፈርሽ በኋላ ነው።

ስለዚህ መሬቱ ሳይታረስ ገዢ ፈልጊ። ሄደሽ አነጋግሪ፣ ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ በዓይንሽ እዪ። ቸርቻሪው መካከለኛና ቅርጹ ያማረ ይወዳል። ቺፕስ የሚጠብሰው ለመላጥ የሚመቸውን ትልልቁን ይመርጣል። ዱቄት የሚያስፈጨው ደግሞ ውሃው ያነሰ፣ ደረቅ ያለ ዝርያ ነው የሚፈልገው። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው በቤታ ካሮቲን የበለፀገ ነው፤ ሰውነታችን ይህን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። እሱን ባሻሻሉና ባስፋፉ ሥራዎች የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች ስትሸጪ ይህን ንገሪያቸው። ብዙ አዋቂዎች ግን ዱቄት ዱቄት የሚለውን ነጩን ይመርጣሉ። ዝርያሽን የሚወስነው እንግዲህ ገዢሽ ነው።

ቀጥሎ ሐረጉ። ስኳር ድንች በሥሩ ሳይሆን በሐረግ ቁራጭ ነው የሚተከለው። በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብትተይ ለአንድ ሄክታር ወደ 33,000 ቁራጭ ያስፈልግሻል። ይህን ሁሉ በመትከያው ሰሞን ከሰው እገዛለሁ ብትዪ ያገኘሽውን ትለቃቅሚያለሽ፤ በሽታውንም አብረሽ ትገዣለሽ። ውሃ አጠገብ የራስሽን መደብ አዘጋጂና ከወራት በፊት ማባዛት ጀምሪ። ቅጠሉ የተሸበሸበ፣ ቢጫ የመታው፣ የቀጨጨ ተክል ካየሽ ነቅለሽ ጣዪው። ቫይረስ ነው፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይና ነጭ ዝንብ ከተክል ወደ ተክል ያዛምቱታል፣ መድኃኒትም የለውም። ደግሞ ጎረቤቶችሽ ዝናቡ ሲጀምር ሐረግ ፍለጋ መሮጣቸው አይቀርም። የተረፈሽን ንጹሕ ሐረግ ሽጪላቸው፤ ከሥሩ በፊት የሚመጣ ገቢ ነው።

ስትቆርጪ ከጫፉ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ወደ ታች ያለው አሮጌው ክፍል የነቀዝ እንቁላል ሊይዝ ይችላል። አፈሩ ልልና ውሃ የማይቋጥር ይሁን፣ መደቡም ከፍ ይበል። ዩሪያ አታብዢ፤ ማሳው በቅጠል ይሸፈንና ከሥር ጣት ጣት የሚያክል ታገኚያለሽ።

ነቀዙን ግን ጠንቅቀሽ እወቂው። የስኳር ድንች ነቀዝ ጥልቅ ቆፍሮ መግባት አይችልም። የሚገባው አፈሩ ሲሰነጠቅ ነው። ሥሩ ሲወፍር መደቡን ይሰነጥቀዋል፣ ድርቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እየተዘዋወርሽ ስንጥቁን በአፈር ድፈኚ፣ ኩትኳቶውን አትርሺ። ነቀዝ የነካው ሥር ራሱን ለመከላከል መራራ ነገር ያመነጫል፤ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ እንኳን ቢኖረው ሽታው ይለወጣል፣ ለሰው አፍ አይሆንም፣ ለከብትም አትስጪው። በዚያው ማሳ ላይ ወቅት በወቅት ስኳር ድንች አትመላልሺ። ካጨድሽ በኋላም የቀረውን ሥርና ሐረግ ልቅም አድርገሽ አውጪ።

ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ እንደ ዝርያው ይደርሳል። አንዳንዱ ገበሬ ዋጋ እስኪወጣ ብሎ መሬት ውስጥ ያቆየዋል። ለጥቂት ሳምንት ይሆናል፣ ሲረዝም ግን ነቀዙን መጋበዝ ነው። ሥሩም ይገዝፍና ቸርቻሪው ፊቱን ያዞርበታል። ይልቅ ማሳሽን ከፋፍለሽ በየተወሰነ ሳምንት ልዩነት ትከዪ። ሁሉም ገበሬ ባንድ ሰሞን ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ አንቺ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ካወጣሽ ገዢው ያምንሻል።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢኝ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የስኳር ድንች ቆዳ ስስ ነው። ከመቆፈርሽ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንት በፊት ሐረጉን እጨጂው፣ ቆዳው ይጠነክራል። ከዚያ አንዱን አውጥተሽ በአውራ ጣትሽ ገፋ አድርገሽ እሺው። ቆዳው እየተንሸራተተ ከተላጠ ገና ነው፣ ታገሺ። ስትቆፍሪ ከግንዱ ራቅ ብለሽ ጀምሪ። የቀን ሠራተኞቹን ቅርጫት ውስጥ በእጅ እንዲያስቀምጡ እንጂ እንዳይወረውሩ አስጠንቅቂ። ፀሐይ ላይም አይዋል።

የተፋቀው ቁስል እንዲጠግግ ከ4 እስከ 7 ቀን ሙቀትና እርጥበት ባለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል አቆዪው። ተመራጩ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀትና ከ85 እስከ 90 በመቶ የአየር እርጥበት ነው። ከዚያ በኋላ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቦታ ወራት ይቆያል፣ ጣፋጭነቱም ይጨምራል። ፍሪጅ ግን ጠላቱ ነው፤ ብርዱ ውስጡን ያበላሸዋል። ለማከማቸት ያሰብሽውን አታጥቢው፣ አፈሩን ብቻ አራግፊለት።

ስትሸጪ በመጠን ለይተሽ አቅርቢ። ትልቁም ትንሹም የተቀላቀለ ጆንያ በትንሹ ዋጋ ነው የሚሄደው። ነጋዴው «በጆንያ» ሲልሽ «በኪሎ» በይው፤ ጆንያው እስከ አፉ ታጭቆ ሌላ ከላይ እንዲጨመርበት አትፍቀጂ። ዱቤ ከጠየቀሽ አዲስ ሰው ከሆነ እጅ በእጅ ይክፈል። የተሰነጠቀውንና ደቃቃውን ለዱቄት ሽጪ፣ ሐረጉን ለከብት መኖ።

ደብተር ያዢ። የሐረግ፣ የእርሻ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የጆንያ፣ የመኪና ብለሽ ሁሉንም ጻፊ። የራስሽንም ጉልበት በቀን ሠራተኛ ዋጋ አስቢው። እሱን ሳትቆጥሪ «አተረፍኩ» ብትዪ ሂሳብሽን አላምነውም።

ካነጋገርሻቸው ገዢዎች ማን ምን ያህል እንደሚፈልግ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለመሬቱ ኪራይ ከመፈረምሽ በፊት አፈሩን አብረን ሄደን እናየዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ