ለልጄ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ

ልጄ፣

ሌላውን ደስ ሲልሽ ታነቢዋለሽ፤ የጡቱን ጉዳይ ግን ዛሬውኑ እይው።

ሕፃኑ ቢሞትም ወተቱ መምጣቱን አይተውም። ከወለድሽ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ጡትሽ ይወጠራል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ያላገኘች እናት በሐዘኗ ላይ ድንጋጤ ይጨመርባታል። ሲያምሽ እስኪቀልልሽ ድረስ ብቻ በእጅሽ ትንሽ አልቢው። ጨርሰሽ ካወጣሽው ሰውነትሽ ሕፃኑ የጠባ መስሎት ሌላ ያመርታል። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዢበት፤ ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ልበሺ እንጂ በመቀነት ጥፍር አድርገሽ አትሰሪው፣ የወተቱ ቱቦ ይደፈናል። አንዱ ጎን ቀልቶ ቢጠነክርና ትኩሳትሽ ከ38 ዲግሪ ቢያልፍ ሳታድሪ ሐኪም ይይሽ። ወተት የሚያቆም መድኃኒትም አለ፤ ደም ግፊት ላለባት ግን አደጋ ስላለው ያለ ሐኪም አይወሰድም።

ለትልቋ ልጅሽ "ሞተ" በያት። ቃሉ ከአፍ አልወጣ እንደሚል ይገባኛል፤ ግን "ተኝቷል" የተባለ ልጅ መኝታ ይፈራል፣ "እግዚአብሔር ወሰደው" የተባለ ደግሞ ቀጥሎ እኔን ይወስደኛል ይላል። "ወንድምሽ ሞተ፤ ልቡ መምታት አቆመ፤ አሁን አይርበውም፣ አያመውም" ይበቃታል። "በአንቺ ምክንያት አይደለም" ማለትም አትርሺ፤ ልጆች አንድ ቀን ቀንተው የተናገሩት ነገር የገደለ ይመስላቸዋል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ገና ስለማይገባው ነገም "መቼ ነው የሚመጣው?" ትልሻለች። ያንኑ መልስ ድገሚላት። ወዲያው ዞር ብላ ብትጫወት አይክፋሽ።

ባልሽ ሥራ ላይ መጠመዱን እንደመርሳት አትቁጠሪበት። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 (እ.ኤ.አ.) እንዳስቀመጡት ሐዘንተኛ በሐዘኑና በኑሮው መካከል ሲመላለስ ነው የሚከርመው። ሁለታችሁ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ላትገኙ ትችላላችሁ።

ስለ እምነትሽ ደግሞ፣ "ለምን?" ብለሽ እግዚአብሔርን መጠየቅ ክህደት አይደለም። መዝሙር 88ን (በግዕዙ ቁጥር 87ን) አንብቢ። ብዙዎቹ የእንጉርጉሮ መዝሙሮች ወደ ምስጋና ሲዞሩ እሱ እዚያው ጨለማው ላይ ያበቃል፤ ቢሆንም ከመጽሐፉ ያወጣው የለም። ረጅም ጸሎት ካቃተሽ አንድ መስመር በይ፤ እሱም ካቃተሽ ሌላ ሰው አጠገብሽ ሆኖ ያንብብልሽ። "ለበጎ ነው" ለሚልሽ ሁሉ መልስ የመስጠት ዕዳ የለብሽም። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሹት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

"የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ" ለምትል ጓደኛሽ ቁርጥ ያለ ሥራ ስጫት፦ "ማክሰኞ ትልቋን ከትምህርት ቤት አምጪልኝ"፣ "የሕፃኑን የክትባት ቀጠሮ ደውለሽ አሰርዢልኝ።" ይህን ሁለተኛውን አንቺ ራስሽ ባትደውዪ እመርጣለሁ፤ ስልክ ያነሳው ሰው "ለምን?" ማለቱ አይቀርም። ሰው የሕፃኑን ስም ከመጥራት የሚሸሸው ሐዘንሽን ላለመቀስቀስ ብሎ ነው፤ እንዲጠሩት ከፈለግሽ አንቺ ቀድመሽ ጥሪው።

ልጅ የሞተባቸው ሌሎች ወላጆችንም ፈልጊ። "ኮምፓሽኔት ፍሬንድስ" የተባለው ማኅበር በ1969 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ኮቨንትሪ ላይ ሲጀመር መነሻው ወንዶች ልጆቻቸው በአንድ ሆስፒታል የሞቱባቸው ሁለት ባልና ሚስቶች እርስ በርስ መጽናናታቸው ነበር። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ሲሰበሰቡ ከሄድሽ ከመጀመሪያው ማስረዳት አያስፈልግሽም። ከስብሰባው በኋላ ለቀናት የሚብስብሽ ከሆነ ግን አንዱን ዝለዪው፤ ማንም አይቀየምሽም።

ሐዘን በወር ተቆርጦ አይሰጥም። ሆኖም ከ6 ወር በኋላም ናፍቆቱ ምንም ሳይላላ ከአልጋ አላስነሣ፣ ሥራ አላሠራ ካለሽ ይህ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ግን 6 ወር አይጠበቅለትም፤ እያመቸሽ እንቅልፍ እምቢ ቢልሽ፣ ምግብ ቢዘጋሽ፣ ይህም 2 ሳምንት ቢያልፈው ሐኪም ጋ ሂጂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ባልሽን ቀስቅሺው፣ ለእኔም ደውዪልኝ፣ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል እንሄዳለን።

እናትሽ