ለኤሮባቲክስ ውድድር ትልቁን ሞዴል ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሞዴል አውሮፕላን ኤሮባቲክስ (በአየር ላይ የመገለባበጥና የመዞር ትርዒት) ውድድር ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን 2 ሜትር ክንፍ ያለውን ሞዴል ነው። አሁን እንድትገዙት አንመክርም። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የኤፍ3ኤ (በሬዲዮ የሚመሩ የኤሮባቲክስ ሞዴሎች ምድብ) ደንብ 2 ሜትር ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ለጀማሪ ከ1.3 እስከ 1.5 ሜትር የሆነ፣ በአራት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የሚበር ሞዴል ይበቃል። ትንሿን ሞዴል ግን ነፋስ ይበልጥ ያንገላታታል፣ ከሩቅም በደንብ አትታይም፤ ስለዚህ ትልልቆቹ 150 ሜትር ርቀው ሲበሩ እናንተ 100 ሜትር ገደማ ላይ አብርሯት።

ጀማሪን ነጥብ የሚያስጥለው አብዛኛውን ጊዜ ያልተስተካከለ አውሮፕላን ነው። ዳኛው ከ10 ተነሥቶ ይቀንሳል፤ 15 ዲግሪ መዛነፍ በግምት አንድ ነጥብ ያስከፍላል። አውሮፕላኗ በራሷ ወደ ጎን የምትስብ ከሆነ እጃችሁ እሷን ሲያርም ይውላል፤ ሉፑን (ወደ ላይ ወጥቶ የሚዞረውን ቀለበት) ክብ ለማድረግ ፋታ አታገኙም።

ነፋስ በሌለበት ሰዓት አስተካክሏት፤ ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ። መጀመሪያ የስበት ማዕከሉ፣ ማለትም ክብደቷ የሚመጣጠንበት ነጥብ። በ45 ዲግሪ ወደ ላይ እየወጣች ገልብጧትና የኤሌቬተሩን (አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረውን የጭራ ክፍል) ስቲክ ልቀቁ። አፍንጫዋ ቶሎ ወደ መሬት ካዘቀዘቀ ፊቷ ከብዷል፤ ባትሪውን 5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ግፉ። ወደ ሰማይ ከታጠፈች ወደ ፊት መልሱት። መስመሯን ይዛ በዝግታ ዝቅ ስትል ልኩን አግኝታችኋል። ባትሪው በተነካ ቁጥር የኤሌቬተሩ ትሪም (ስቲኩ ሲለቀቅ የሚይዘው ቦታ) ስለሚለወጥ ይህን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ቀጥሎ የሞተሩ አቅጣጫ። በሙሉ ኃይል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አውጧት። አፍንጫዋ ወደ ግራ ክንፏ ካዘነበለ፣ በሞተሩ መቀመጫ በግራ ክንፏ በኩል ካሉት ብሎኖች ሥር 0.5 ሚሊሜትር ዋሸር ጨምሩ። ብሎኖቹ 40 ሚሊሜትር የሚራራቁ ከሆነ ይህ ሞተሩን 0.7 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ፍጥነቷ ሲደክም ጫፍ ላይ የሚታየውን ማዘንበል አትቁጠሩት።

በጠባብ ሉፕ ሁልጊዜ አንዱ ክንፍ የሚወድቅ ከሆነ በሌላኛው ክንፍ ጫፍ 5 ግራም ለጥፉ። በፊት ግን የኤሌቬተሩ ሁለት ግማሾች እኩል መንቀሳቀሳቸውን ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ የሚታየው ችግር ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ በክብደትም አይፈታም።

የኤሌቬተሩ እንቅስቃሴ ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ዲግሪ፣ ኤክስፖው (በስቲኩ መሃል አካባቢ እንቅስቃሴውን የሚያለዝበው የሬዲዮ ቅንብር) 30 በመቶ ይሁን። እንቅስቃሴው ከዚያ ሲበልጥ ሉፑ ማዕዘን ማዕዘን ይሆናል።

ከእንግዲህ በጀማሪ ሞዴሎቻችን ሳጥን ውስጥ አራት ዋሸሮች፣ 20 ግራም ማመጣጠኛ ክብደትና የዲግሪ መለኪያ እናስገባለን። ከዚህ ቀደም ለገዛችሁም ከጻፋችሁልን እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል